የከተማ ተሰሚነት በምን ይለካል?

በከፋ ዞን፣ ከቦንጋ ከተማ አቅራቢያ፣ ማንኪራ የምትባል የገጠር ቀበሌ አለች። ዙሪያዋ ደን ነው። በዚያ ደን ውስጥ ቡና እንደ ማንኛውም የዱር ተክል፣ ሰው ሳይዘራው፣ በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። የአካባቢው ሰዎች «እናት ቡና» ብለው ለእንግዳ የሚያሳዩት ያረጀ የቡና ዛፍም የሚገኘው በዚህችው ቀበሌ ነው። የቡና መገኛ ማንኪራ ናት የሚሉ አሉ፤ የለም፣ በጅማ በኩል ያለችው ጮጬ ናት የሚሉም አሉ። ይህን ክርክር ለባለቤቶቹ እንተወውና፣ ዐረቢካ የሚባለው የቡና ዝርያ ጥንተ መገኛው በዋነኛነት የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑን ግን የተክል ሊቃውንት ይስማሙበታል።

አሁን አንድ ጥያቄ እናንሣ። ቡናው የበቀለው በማንኪራ ነው፤ የተለቀመውም፣ በፀሐይ የደረቀውም በማንኪራ ነው። ታዲያ ዋጋውን የሚቆርጠው ማን ነው? የማንኪራ ገበሬ አይደለም። የቦንጋ ነጋዴም ቢሆን በራሱ ፈቃድ የሚወስነው አይደለም። ሁለቱም ዋጋውን የሚሰሙት 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው፣ የቡና ደን ከሌላት ከአዲስ አበባ ነው።

በዚህ ምንባብ የምንመረምረው ይህንኑ ነገር ነው። አንድ ከተማ በአንድ አገር ውስጥ ያለው ተሰሚነት በምን ይለካል? አዲስ አበባስ በዚህ መለኪያ ስንተኛ ናት? «አንደኛ ናት» ብሎ መመለስ የሚያቅተው ተማሪ አይኖርም። ይሁን እንጂ «በምን አንደኛ ሆነች?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙው ሰው ይንተባተባል።

አስቀድመን «ተሰሚነት» የሚለውን ቃል እንመልከተው። መነሻው «ሰማ» የሚለው ግሥ ነው። «ተሰማ» ሲባል ተደራጊ ይሆናል፤ ከዚያም «ተሰሚ» የሚል ቅጽል፣ ከቅጽሉም «ተሰሚነት» የሚል ረቂቅ ስም ይወጣል። እንግዲህ ተሰሚ ሰው ማለት ድምፁ የጎላ ሰው ማለት አይደለም፤ ሌሎች የሚሰሙት ሰው ማለት ነው። በቀበሌያችሁ ስብሰባ ላይ አብዝቶ የሚናገረውን ሰውና፣ አንዲት ቃል ሲናገር ጉባኤው ሁሉ ዝም የሚልለትን ሽማግሌ ለይታችሁ ታውቁ ይሆናል። በከተሞችም መካከል እንዲህ ያለ ልዩነት አለ።

ብዙ ሰዎች ከተማን የሚመዝኑት በሕዝቡ ብዛት ነው። ይህ መለኪያ ዋጋ የለውም አይባልም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአዲስ አበባ ነዋሪ 2 ሚሊዮን 740 ሺህ ያህል ነበረ። በዚያው ቆጠራ ሁለተኛ የሆነችው የድሬዳዋ ከተማ 233 ሺህ፣ አዳማ 220 ሺህ፣ መቀሌ 216 ሺህ፣ ጎንደር 207 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራቸው። ጅማ 121 ሺህ፣ ቦንጋ ደግሞ 21 ሺህ ያህል ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተደረገ ዛሬ የሚነገሩት ቁጥሮች በግምት የተሠሩ ናቸው፤ ከተሞቹ ሁሉ በእጅጉ መስፋታቸው ግን በዓይን የሚታይ ነው። የ1999 ዓ.ም. ቁጥሮችን ደምራችሁ ብትመለከቱ፣ ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ደረጃ ያሉት አራት ከተሞች በአንድነት የአዲስ አበባን ሲሶ እንኳ አይሞሉም።

ጆርጅ ዚፕፍ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በሰፊው እንዳስታወቀው፣ በብዙ አገሮች የከተሞች መጠን እንደ መሰላል ደረጃ በደረጃ ይወርዳል፤ ይኸውም ሁለተኛው ከተማ የአንደኛውን ግማሽ፣ ሦስተኛው ደግሞ የአንደኛውን ሲሶ ያህል ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ሒሳብ ብንሄድ ድሬዳዋ በ1999 ዓ.ም. ከ1 ሚሊዮን 300 ሺህ በላይ ሕዝብ ሊኖራት ይገባ ነበር። የእኛ መሰላል ግን ከላይኛው መወጣጫ በታች ብዙ መወጣጫዎች የተነቀሉበት መሰላል ነው። ማርክ ጄፈርሰን የተባለው የጂኦግራፊ ሊቅ በ1939 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ እንዲህ ላለው ሁኔታ ስም ሰጥቶታል። ከተከታዩ ቢያንስ እጥፍ የሚሆን፣ በተሰሚነቱም ከእጥፍ በላይ የሚልቅ ከተማ የአገሩ ቀዳሚ ከተማ ይባላል። በአማርኛ «አውራ ከተማ» ብንለው የሚስማማ ይመስለኛል። ከፋ የማር አገር ስለሆነ የቦንጋ አካባቢ ተማሪዎች ነገሩን ከሌላው ይልቅ ቶሎ ይረዱታል። አውራው ንብ በሰፈረበት ቅርንጫፍ ላይ መንጋው ሁሉ ይሰፍራል፤ ቅርንጫፉ ይችላል ወይስ አይችልም ብሎ የሚጠይቅ ንብ የለም።

በቆጠራ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የከተማ ወሰን በካርታ ላይ የተሠመረ መሥመር ነው፤ የከተማ ኑሮ ግን መሥመሩን አያውቀውም። በቡራዩ፣ በሰበታ፣ በሱሉልታ፣ በለገጣፎና በገላን ከሚኖሩት ሰዎች ብዙዎቹ ጠዋት ተነሥተው ወደ አዲስ አበባ ለሥራ ይሄዳሉ፤ ማታ ይመለሳሉ። እነዚህ ከተሞች ዛሬ በኦሮሚያ ክልል በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ ሲሆኑ በአስተዳደር ከአዲስ አበባ የተለዩ ናቸው፤ በኑሮ ግን የአንድ ሰፊ ከተማ ክፍሎች ናቸው። ስለሆነም አዲስ አበባን የሚቆጥር ሰው ወሰኑን ብቻ ይቁጠር ወይስ ዙሪያውንም ይጨምር፣ አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል።

ይሁን እንጂ ብዛት ብቻውን ተሰሚነትን አያስረዳም። ለምሳሌ ያህል በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ካሉት 547 መቀመጫዎች የአዲስ አበባ ድርሻ 23 ነው። ይህ ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም። ነገሩ በእጅ ቆጠራ ብቻ የሚወሰን ቢሆን ኖሮ አዲስ አበባ ከብዙዎች አንዷ በሆነች ነበር። ደግሞም በሌላ አገር ሥልጣንና ሀብት በአንድ ከተማ ላይ አይገኙ ይሆናል። በአሜሪካ መንግሥቱ በዋሽንግተን፣ ገንዘቡ በኒው ዮርክ ነው። በቱርክ መንግሥቱ በአንካራ ሲቀመጥ ትልቁ የንግድ ከተማ ኢስታንቡል ነው። ናይጄሪያም በ1991 እ.ኤ.አ. መንግሥቷን ከሌጎስ ወደ አቡጃ አዛውራለች፤ ንግዱ ግን ሌጎስ ቀርቷል። በእኛ አገር ምክር ቤቱም፣ ሚኒስቴሮቹም፣ የባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶችም፣ ትልቁ የአውሮፕላን ማረፊያም፣ ጋዜጣውና ቴሌቪዥኑም የተሰበሰቡት በአንዲት ከተማ ውስጥ ነው። የኦሮሚያ ክልል መንግሥት መቀመጫም ይህችው ከተማ፣ በኦሮምኛ ስሟ ፊንፊኔ ናት። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1955 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ደግሞ አህጉሩም የሚሰበሰበው በእርሷ ነው።

እንግዲህ ተሰሚነትን ለመለካት ከቁጥር ይልቅ የሚያዋጣው ዘዴ «ማን ወደ ማን ይሄዳል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ነገሩን በዓይን ለማየት ከማንኪራ የተነሣ አንድ ጆንያ ቡና እንከተል።

የማንኪራ ገበሬ እሸት ቡናውን ለቅሞ በፀሐይ ሲያደርቀው ጀንፈል ይሆናል። ጀንፈሉን ለሰብሳቢ ነጋዴ ወይም ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ ይሸጣል። ሰብሳቢው ለአቅራቢ ያስረክባል፤ አቅራቢውም ጀንፈሉን አስፈልፍሎ ወደ ቦንጋ መጋዘን ያስገባል። በዚያ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘን ባለሙያዎች ፍሬውን አይተው፣ ቆልተውና ቀምሰው ደረጃ ይሰጡታል። እስከዚህ ድረስ ጆንያው ከከፋ አልወጣም። ነገር ግን መጋዘኑ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ባለቤቱ ይለወጣል፤ ግብይቱ በአብዛኛው የሚፈጸመው በአዲስ አበባ ነውና። የምርት ገበያው በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ገዢና ሻጭ በአንድ አዳራሽ ቆመው ዋጋ እየጠሩ፣ ሲስማሙም መዳፍ ለመዳፍ እየተማቱ ይገበያዩ ነበር፤ በኋላ ግን በኮምፒዩተር ሆነ። ዋጋው የሚጠራው በፈረሱላ ነው፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም ነው። በአዳራሹ ውስጥ በአንድ ፈረሱላ ላይ ጥቂት ብር ሲቀንስ ያ ቅናሽ በሰዓታት ውስጥ በስልክ ወደ ቦንጋ፣ ከቦንጋም ወደ ማንኪራ ይደርሳል። ጆንያው በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚገባው ወደ ላኪው ማበጠሪያ ነው፤ እዚያ ይበጠራል፣ ይለቀማል፣ ለውጭ ገበያ የሚሆነው ይለያል። ከዚያ ወደ ጅቡቲ ወደብ ይወርዳል።

ሌላ መንገድ የለም ማለቴ አይደለም። የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች በምርት ገበያው በኩል ሳያልፉ ቡናቸውን በቀጥታ ወደ ውጭ ይሸጣሉ፤ ከፋም የራሱ የደን ቡና ገበሬዎች ዩኒየን አለው። ከዚህም ሌላ በቅርብ ዓመታት የወጣው ሕግ አቅራቢና ላኪ ፊት ለፊት እንዲዋዋሉ ፈቅዷል። እነዚህ አዳዲስ መንገዶች የማንኪራን ስም በጆንያው ላይ ጽፈው ወደ ውጭ ለመላክ አስችለዋል። ቢሆንም የቡናና ሻይ ባለሥልጣን፣ የባንኩ ዋና መሥሪያ ቤትና የውጭ ገዢው ወኪል አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት በዚያችው ከተማ ነው።

ከጆንያው ይልቅ ቀርፋፋ መንገደኛ አለ፤ እርሱም ወረቀት ነው። ይህን መጽሐፍ ያዘጋጀሁት ሰው በወጣትነቴ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርሁ። በአንድ የአገልግሎት ማስረጃዬ ላይ ስሜ ሲጻፍ በ«ኃ» ፈንታ «ሀ» ገብቶ ተገኘ። ስሕተቷ አንዲት ፊደል ናት፤ ድምፁም ያው ነው። ሆኖም ወረቀቱ ከሌሎቹ ማስረጃዎቼ ጋር አልገጠመምና ማስታረም ነበረብኝ። ደብዳቤው ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው፣ ከዚያም ወደ በላዩ እየተመራ ወራት ፈጀ። በመጨረሻ እኔው ራሴ በጭነት መኪናና በአውቶቡስ ሦስት ቀን ተጉዤ አዲስ አበባ ገባሁ፤ አንድ ሰው ብዕሩን አንሥቶ ፊደሏን አረመና ፈረመበት። ሥራው ከአምስት ደቂቃ አልበለጠም። ሦስት ቀን ለመሄድ፣ ሦስት ቀን ለመመለስ፣ አምስት ደቂቃ ለማረም። በእነዚያ ቀኖች ተማሪዎቼ አስተማሪ አልነበራቸውም። የከተማ ተሰሚነት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ከየትኛውም የጂኦግራፊ መጽሐፍ በፊት።

ሦስተኛው መንገደኛ ቃል ነው። የቋንቋ ተማሪዎች ስለሆናችሁ በዚህ ላይ ጥቂት ብንቆይ አይከፋም። አዲስ አበባ ውስጥ «ይህ ሰው ከክፍለ ሀገር የመጣ ነው» ሲባል ትሰማላችሁ። ክፍለ ሀገር የሚለው የአስተዳደር ስያሜ ከቀረ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬ ያለው ክልል ነው። ቃሉ ግን በከተማይቱ ሰው አፍ ላይ ኖረ፤ ትርጉሙም «ከአዲስ አበባ ውጭ ያለ ቦታ ሁሉ» ማለት ሆነ። ጎንደርም፣ ሐረርም፣ ቦንጋም በዚህ አንድ ቃል ይጠቃለላሉ። በሌላ በኩል ዳር አገር ያለ ሰው «ወደ መሀል አገር እሄዳለሁ» ይላል። ሁለቱ አባባሎች እርስ በርስ የሚናበቡ ናቸው፤ አንደኛው ከመሀል ሆኖ ወደ ዳር፣ ሁለተኛው ከዳር ሆኖ ወደ መሀል ያያል። ማንም በሕግ ያላወጀው ደረጃ በቋንቋችን ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው።

«አዲስ ዘመን» ጋዜጣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ቴሌቪዥንም ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የሚወጡት ከአዲስ አበባ ስለሆነ የከተማይቱ አነጋገር ለሌላው እንደ ናሙና ሆኖ ኖሯል። በእጃችሁ ያለውን መማሪያ መጽሐፍ ሽፋን ገልጣችሁ የት እንደ ታተመ ተመልከቱ። ቃል ግን ሁልጊዜ ወደ ታች ብቻ አይፈስም። በከፊኛ ቡና «ቡኖ» ይባላል፤ በአማርኛ «ቡና» ነው። የሁለቱን ቃላት ዝምድና ለማየት ሊቅ መሆን አያሻም።

አሁን ወደ ኋላ ተመልሰን ይህ ሁሉ እንዴት እንደ መጣ እንይ፤ አዲስ አበባ አንደኛ ሆና አልተፈጠረችምና። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከቦንጋ የሚነሣ ሲራራ ነጋዴ ቡናውን፣ ዝባዱንና የዝሆን ጥርሱን ጭኖ ወደ ጅማ ሒርማታ ወይም ወደ ሊሙ እናርያ ሰቃ ገበያ ይሄድ ነበር። በሰው ልጅ ላይ የተፈጸመው የባሪያ ንግድም በዚያው መንገድ ላይ ነበረ፤ ይህን ሳይጠቅሱ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። ከሰቃ ጉዞው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ባሶ ገበያ፣ ወደ ጎንደር፣ በመጨረሻም ወደ ምፅዋ ይቀጥላል። በዚያ ረጅም መንገድ ላይ አዲስ አበባ የምትባል ከተማ አልነበረችም። የተቆረቆረችው በዐፄ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ነው። ከተቆረቆረች ከጥቂት ዓመታት በኋላም በማገዶ እንጨት እጥረት ምክንያት መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም እንዲዛወር ታስቦ ነበር። በፍጥነት የሚያድገው ባሕር ዛፍ ደረሰላትና ሳትለቀቅ ቀረች። አንድ የውጭ አገር ዛፍ ባይተከል ኖሮ ይህን ምንባብ ምናልባት ስለ ሌላ ከተማ በጻፍሁት ነበር።

የከፋ መንግሥት በንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ዘመን፣ በ1890 ዓ.ም. መባቻ ገደማ፣ በጦርነት ተሸንፎ ወደ ምኒልክ ግዛት ተጠቃለለ። የከፋ ነገሥታት መቀመጫ ከነበሩት አንዷ ቦንጋ ከዚያ በኋላ ሌላውን የምትሰማ ከተማ ሆነች። ያም ሆኖ የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና ወዲያው ወደ አዲስ አበባ አልዞረም። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከኢሉባቦርና ከወለጋ የሚነሣው ቡና በጋምቤላ በኩል በባሮ ወንዝ ላይ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ሱዳን ይወርድ ነበር። ሚዛኑን ያዞረው ባቡር ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። በአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ ጊዜ ደግሞ ጣሊያኖች ለጦራቸው ሲሉ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ወደ ደሴ፣ ወደ ጎጃም የመኪና መንገድ ከፈቱ። ካርታ ዘርግታችሁ ብትመለከቱ መንገዶቹ ከአንድ መሀል እንደ ሸረሪት ድር ሲበተኑ ታያላችሁ። ዳር ያሉ ሁለት ከተሞች ጎረቤት ሆነው ሳለ አንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ በመሀል ዞሮ መምጣት የሚቀናው ከዚህ የተነሣ ነው።

የቦንጋ ታሪክ ከዚያ ወዲህ መውጣትና መውረድ አላጣውም። ከነፃነት በኋላ ግዛቱ ከፋ ተብሎ ሲጠራ ዋና ከተማው ጅማ ሆነ፤ ስሙ የከፋ፣ መቀመጫው የጅማ ማለት ነው። በ1987 ዓ.ም. ከጸደቀው ሕገ መንግሥት በኋላ ከፋ በደቡብ ክልል ውስጥ ሲገባ የሚሰማው ከተማ ሐዋሳ ሆነ። የመንገዱ ርዝመት ሕዝቡ ዘወትር የሚያነሣው ቅሬታ ነበር። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ ኅዳር 14 ቀንም የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ። ቦንጋ የክልሉ የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች፤ ሚዛን አማን፣ ተርጫና ቴፒም ከክልሉ መቀመጫነት ድርሻቸውን አገኙ።

በዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። በሕዝበ ውሳኔው ዋዜማና በማግስቱ የቦንጋ ነዋሪ ቁጥር ያው ነበር። አንድ ተራራ አልተናደም፤ አንድ ወንዝ አቅጣጫውን አልለወጠም። ነገር ግን ከዚያ በፊት ለጉዳዩ ወደ ሐዋሳ ይሄድ የነበረ ሰው ወደ ቦንጋ መምጣት ጀመረ። ከተማዋ በቆጠራ ሳይሆን በተሰሚነት ደረጃዋን ዘለለች። ብዛትና ተሰሚነት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የሚያሳይ ከዚህ የቀረበ ማስረጃ አላገኘሁም።

ደረጃውን ከላይም እንመልከተው። አዲስ አበባ በአገሯ የምትሰማ ከተማ ናት፤ እርሷ ራሷስ ማንን ትሰማለች? በኒው ዮርክ ከተማ የዐረቢካ ቡና ዋጋ በየሥራ ቀኑ፣ በፓውንድ ክብደትና በአሜሪካ ሳንቲም እየተሰላ ይቆረጣል። የአዲስ አበባ ላኪ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ወደዚያ ያዳምጣል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በብራዚል ከባድ ውርጭ ወርዶ የቡና ዛፍ ሲያቃጥል በዓለም ገበያ የቡና ዋጋ እጅግ ናረ። ብራዚል የወደቀ ውርጭ በማንኪራ የቡናን ዋጋ ሊለውጥ ይችላል፤ በማንኪራ የሚወርድ በረዶ ግን የኒው ዮርክን ዋጋ አይነካም። ስለዚህ «አዲስ አበባ ስንተኛ ናት?» ለሚለው መልሱ የሚለወጠው በምንቆምበት ቦታ ነው። ከማንኪራ ሲታይ የምትናገር ናት፤ ከኒው ዮርክ ሲታይ የምታዳምጥ ናት።

ብዙ ነገር በአንድ ከተማ መሰብሰቡ ጥቅም አለው። ላኪው፣ ባንኩ፣ የቅምሻ ቤቱና የአየር መንገዱ ተቀራርበው ሲገኙ ሥራ ይፋጠናል፤ ድሃ አገር ይህን ሁሉ በአሥር ቦታ ለማባዛት አቅም የለውም። ጉዳቱን ግን የሚከፍለው ሩቅ ያለው ነው። ከማንኪራ ወደ ላይ የሚሄደው ጆንያ ብቻ አይደለም፤ በትምህርቱ የበለጠው ልጅም አብሮ ይሄዳል፤ ብዙውን ጊዜም እንደ ጆንያው አይመለስም። ከዚህም በላይ ስለ ደኑ የሚወስነው ሰው ደኑን አይቶት የማያውቅ ሊሆን ይችላል። የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ከዓመት ዓመት የሚጠብቁት ግን በሥሩ የሚኖሩት ሰዎች ናቸው። እነርሱ ከቡናው የሚያገኙት ዋጋ ደኑን ከመቁረጥ የማያዋጣቸው ከሆነ መዝገቡ ብቻውን ዛፍ አያቆምም።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሚያስኬድ ነገርም ጥቂት ቢሆን አለ። ብሔራዊ የቡና ሙዚየም የተሠራው በአዲስ አበባ ሳይሆን በቦንጋ ነው። ይህን ሙዚየም ማየት የሚፈልግ የአዲስ አበባ ሰው 450 ኪሎ ሜትሩን ራሱ መጓዝ ይኖርበታል። እናት ቡናን ማየት ከፈለገ ደግሞ ከቦንጋ የአስፋልቱን መንገድ ትቶ ወደ ማንኪራ ይወርዳል፤ ወደ ዛፏ የሚያደርሰውን የደን ጎዳና የሚያውቁት የማንኪራ ሰዎች ስለሆኑም መንገድ ጠይቆ የሚሉትን መስማት ይኖርበታል።

ከዚህ በኋላ ሥራው የእናንተ ነው። በምትኖሩበት ቀበሌ ከሚመረቱት ነገሮች አንዱን፣ እህልም ይሁን ቆዳ ወይም ማር፣ ምረጡ፤ ከደጃችሁ ተነሥቶ ዋጋው እስከሚቆረጥበት ቦታ ድረስ በሐሳብ ሳይሆን ሰዎችን እየጠየቃችሁ ተከተሉት። በእያንዳንዱ ማረፊያ የሚናገረው ማን፣ የሚሰማውስ ማን እንደሆነ በደብተራችሁ መዝግቡ። ከዚያም ያገኛችሁትን ከሁለት ገጽ ባልበለጠ ገላጭ ድርሰት ጻፉ።